ፀሐይን ሸራ ያለበሳት ሰው

ባለቤቴ ሲናገር ይጮኻል። ተቆጥቶ አይደለም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከናፍጣ ሞተር ጎን ቆሞ እህል ስለፈጨ ነው። ቤት ገብቶ "ውሃ ስጪኝ" ሲል የተጣላን ነው የሚመስለው። ወፍጮ ቤት በገባ በዓመቱ አንዲት ጎረቤታችን ልታስታርቀን ሁለት ጊዜ መጥታለች። ቅንድቡ ከዱቄት ጸድቶ ስለማያውቅ ሰፈሩ "ነጩ" ይለዋል። እኔ ግን የማውቀው ጥቁሩን ነው፤ ሲያስል መሐረቡ ላይ የሚቀረውን ጥላሸት።

ወፍጮው የነዋሪዎች ማህበር ንብረት ነው። ናፍጣ በጠፋ ቁጥር ይዘጋል፤ ሴቶቹም እህላቸውን ተሸክመው የሁለት ሰዓት መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ሞተሩ ተነስቶ በፀሐይ የሚሠራ ወፍጮ ሊገባ ነው ሲባል የሰፈሩ ግማሹ እልል አለ፤ ግማሹ "ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ" ብሎ ሳቀ። እኔ ከሁለቱም አልሆንኩም። የማህበሩ ሊቀመንበር "ለአዲሱ ማሽን የተማረ ሰው እንቀጥራለን" ማለቱን ሰምቼ ነበርና እንቅልፍ አጣሁ። የኔ ሰው የተማረው ያንን ሞተር ብቻ ነው፤ ድምፁን ሰምቶ የቱ ጋ እንዳመመው ያውቃል። ሞተሩ ሲሄድ እሱስ ወዴት ይሄዳል? ሃምሳ ስምንት ዓመት የሞላውን ሰው ማን ይቀጥራል?

እሱ እቴ፣ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። በአሮጌው ሞተር እየፈጨ፣ እረፍት ሲያገኝ ደግሞ ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ለምትገጥመው ባለሙያ መሰላል ይይዝላታል። ልጃችንን ታክላለች። "አባባ፣ ደህና አድርገው ይያዙልኝ" ስትለው "እሺ ልጄ!" ብሎ ሲጮህ ደንግጣ ልትወድቅ ነበር።

ሥራ በሚጀመርበት ቀን ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ እህሉን ይዞ ተሰለፈ። ሊቀመንበሩ ከረባት አስሯል። ባለሙያዋ ማብሪያውን ተጫነች፤ ወፍጮው ንቅንቅ አላለም። ደግማ ተጫነች። ምንም። "ወተቷስ?" አለ አንዱ ከኋላ። ሽቦውን ሁሉ ፈትሻ ሲጠፋባት ጣሪያው ላይ ወጣች።

"ማነው ሰሌዳውን ሸራ ያለበሰው?" ስትል ሰማን።

ሸራውን አውቀዋለሁ። ባለቤቴ ሥራ ሲጨርስ፣ ዱቄት እንዳይገባበት ብሎ በየቀኑ ሞተሩን የሚያለብሰው ሸራ ነው። ሞተሩ ከትናንት ወዲያ ተነቅሎ ሲወሰድ ሸራውን አዲሶቹ ሰሌዳዎች ላይ ዘርግቶታል። የሰዉ ሳቅ ሌላ ነበር። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም። "ይኸው፣ ብያችሁ ነበር" አለ። "በዚህ ሰው እጅ ይሄ ዕቃ ዓመት አይከርምም።"

ባለሙያዋ ወርዳ ባለቤቴ ፊት ቆመች። "አባባ፣ ለምን አለበሱት?"

"ለዱቄቱ ነዋ!" ብሎ ጮኸ። "ይሄ የወፍጮ ቤቱ መስኮት ዱቄቱን የሚተፋው ወደዚያ ነው። የሚሠራው ደግሞ በሙቀቱ መስሎኝ! ሸራ ሥር ይብስ ይሞቃል!"

ሰዉ እንደገና ሳቀ። እሷ ግን ተመልሳ ወጣች። ሸራው ያልደረሰበት ዳር ላይ ጣቷን ጎትታ ለሁላችንም አሳየችን፤ ነጭ ነው። በመጨረሻዎቹ ቀናት በአሮጌው ሞተር ሲፈጭ በመስኮቱ የወጣ ዱቄት ነበር።

"እኔ ይሄን አላየሁም" አለች። "በወሩ ሰሌዳዎቹ ሁሉ ዱቄት ለብሰው ወፍጮው ይቆም ነበር። እኚህ ሰው እዚህ መቅረት አለባቸው፤ የቀረውን እኔ አስተምራቸዋለሁ።"

ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ከሰልፉ አንዲት ባቄላ ቸርቻሪ ቀደመችው። "ጋሼ፣ ሞተር ይቀየር አልን እንጂ ሰው ይቀየር ማን አለ? ጭሱን የዋጠው እሱ፤ ንጹሑ ሲመጣ ለሌላ?"

"እውነቷን ነው!" አሉ ሴቶቹ በሙሉ።

ያቺን ሴት እስከ ዕለተ ሞቴ አመሰግናታለሁ። ባለሙያዋንም እንዲሁ። ሊቀመንበሩንም ቢሆን አመሰግነዋለሁ፤ ፊቱን ቢያጠቁርም የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ ለባለቤቴ ሰጠው።

መስኮቱ ተደፍኖ በሌላ በኩል ተከፈተ። ባለቤቴም ሁለት ወር ተማረ። አሁን በየጠዋቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሰሌዳዎቹን በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፤ የገዛ ፊቱን እንዲያ አድርጎ አብሶ አያውቅም። ሳሉም ቀለል ብሎታል፣ ተመስገን። ወፍጮው የሚበረታው እኩለ ቀን ላይ ስለሆነ፣ ተራ ጠባቂዎቹን ፀሐይ እንዳይመታቸው ያንን ሸራ በራፉ ላይ ወጥሮላቸዋል።

ባለፈው ሳምንት እዚያው ሸራ ሥር ቁጭ ብዬ ተራዬን ስጠብቅ እሱ ወጣ። ውስጥ ወፍጮው እየፈጨ ነው፤ ሰው ግን ሳይጯጯህ ያወራል። ጎንበስ አለና "ደከመሽ እንዴ?" አለኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ለኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲጮህብኝ ያልወጣው እንባ ዱብ ዱብ አለ።

ሲያየኝ ክው ብሎ ቀረ። "ምን ሆንሽ!" ብሎ ጮኸ። ሰልፉ በሙሉ ዞረ፤ ያቺ ጎረቤታችንም ልታስታርቀን ተነሳች።