እናቴ ያበቀለችው ሐረግ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ እናቴ ጅዳ ውስጥ በአንድ ትልቅ ቪላ የቤት ሠራተኛ ነበረች። ኮምቦልቻ ሳለች ግን የእርሻ መምህርት ነበረች። ወንድሟ ታስሮ ደርጎች እሷንም መፈለግ ሲጀምሩ ነው ከአባቴ ጋር ባሕር ተሻግረው የመጡት። አባቴ ፔትሮሚን በሚባል የነዳጅ ኩባንያ ጋራዥ ሥራ ገባ። የእናቴ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ የወጣው በአሠሪዋ በማዳም ባል ዋስትና ነው። ሐሙስ ሐሙስ፣ እዚያ የዕረፍት ቀን ስለሆነ፣ ትምህርት የለኝም፤ ይዛኝ ትሄዳለች።

ማዳም ክሌማቲስ የሚባል ሐረግ ከውጭ ታስመጣለች፤ ሙቀቱ ሲበረታ ሁሉም ይደርቅባታል። እናቴ የቀረውን አንዱን ስታይ፣ «ይሄማ የኛው የአዞ ሐረግ ዘመድ ነው። እግሩ ጥላ ይፈልጋል፣ ራሱ ፀሐይ» አለችኝ። ከግቢው ጀርባ፣ አጥሩ ሥር ተከለችው፤ ሥሩ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ደረደረችበት። ለጋውን ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጋ፣ አንጓውን ከታች በኩል ጫር ታደርግና አፈር በሞላ የወተት ጣሳ ውስጥ ትቀብረዋለች። እኔ እንዳይነሳ ጠጠር እጭንበታለሁ። ያ ውሃ የጠጣ አፈር ሽታ፣ ቅጠሉ ጣቴን ሲያሳክከኝ፣ ሁሉም ትዝ ይለኛል። ከወራት በኋላ ጣሳው ውስጥ ነጭ ሥር ሲታይ ከእናት ተክሉ ትቆርጠዋለች።

በሁለተኛው ዓመት አጥሩ በአበባው ሐምራዊ ሆነ። ማዳም እንግዶች ጠራችና፣ «በገዛ እጄ ነው ያበቀልኩት» አለቻቸው። እናቴ ሻይ ይዛ እየገባች ነበር። ትሪውን አስቀመጠች።

«ይቅርታ ማዳም፣ ያበቀልኩት እኔ ነኝ» አለች በዐረብኛ።

ከመካ የመጡ አንዲት አሮጊት፣ ሐጃ መርየም፣ «እንዴት አድርገሽ ነው?» ብለው ጠየቋት። እናቴ ቆማ ከአንጓው እስከ ሥሩ አስረዳቻቸው። እናቴን መምህርት ሆና ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

እንግዶቹ እንደወጡ ማዳም፣ «ኸላስ፣ በቃ። ይቅርታ እስክትጠይቂኝ እንዳትመጪ። ካልጠየቅሽ ኢቃማሽ ይሰረዛል» አለቻት።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ሰማና ራሱን ያዘ። «ሐሊማ፣ ለአንድ አበባ ብለሽ? ቢመልሱሽ ምን እንደሚጠብቅሽ እያወቅሽ?»

«አበባው አይደለም» አለችው። «ማስተማሬን እዚያ ወሰዱብኝ። ይሄን እዚህ አልሰጥም።»

እኔም ይቅርታ ጠይቂ ብዬ አለቀስኩባት። ወደ እኔ ዞራ፣ «ማን እንዳበቀለው አይተሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። «እንግዲያው አትለምኚኝ።»

ሁለት ወር ከቤት አልወጣችም። በር በተንኳኳ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ ይመስለን ነበር። አንድ ቀን ያንኳኳው የሐጃ መርየም ልጅ ሆነ። እናቱ ያቺን ሴት የአትክልት ቦታቸውን እንድትይዝላቸው ፈልገው፣ የማዳምን ባል አነጋግረው ኢቃማዋን ወደ ልጃቸው ዋስትና አዛወሩት። እናቴ መካ ገባች፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ትመጣልን ጀመር። ፀጉሬን ራሴ መሥራት የለመድኩት ያኔ ነው። ተቀየምኳት። አንዲት የይቅርታ ቃል ብትል ኖሮ አጠገቤ ትሆን ነበር እያልኩ ዓመታት ቆየሁ።

ዛሬ እሷ ያኔ ከነበረችበት ዕድሜ አልፌያለሁ። ወረቀቴ የተሟላ፣ ወንበሬ የራሴ ነው። ሆኖም ሥራዬን ሌላ ሰው የራሱ አድርጎ ሲያወራ ስንቴ ዝም ብያለሁ። እሷ ይህ ሁሉ ሳይኖራት ዝም አላለችም። በቀደም አሁን ተመልሳ ወደምትኖርበት ኮምቦልቻ ደውዬ፣ ስለዚያ ቅያሜዬ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ልጅ ነበርሽ፣ ፈርተሽ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «እኔም ትሪውን ያስቀመጥኩት እጄ ስለተንቀጠቀጠ ነው» አለች።