የብሎኑ ጣሳ

ልጄ መኪናችንን ሊጠግን የትርፍ ብሎኑን ጣሳ ባንኳኳ ቁጥር ዛሬም ደንግጬ ብድግ እላለሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ቢቸና ሳለን፣ አባቴ ከአሮጌ መኪናቸው የተረፈውን ብሎን በዚህ ጣሳ ያስቀምጡ ነበር። እኔ ስጫወትበት «ጥይት» እለው ነበር። አንድ ጠዋት አብዮት ጥበቃዎች መሣሪያ ሊፈትሹ ገቡ። አንዱ ጣሳውን አነሣና፣ «ማሙሽ፣ ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«የአባባ ጥይት» አልሁት።

ጠመንጃውን አባቴ ላይ ደገነ።

«ዘርግፈህ እየው፣ ጌታው» አሉት እጃቸውን እንዳነሡ።

ብሎኑ መሬት ላይ ተበተነ። ሰውየው ስቆ ወጣ። አባቴ ግን ተንበርክከው ሲለቅሙ፣ «ነገርን በስሙ ጥራ» ብቻ አሉኝ። ስለ ብሎን የሚያወሩ መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ልጄ፣ «አባባ፣ ያቺን ነገር ያቀብሉኝ» ሲለኝ ስሟን ካልጠራ አልሰጠውም። ጭካኔ ይመስለዋል። ፍርሃቴን ነግሬው አላውቅም።