የሸማኔው ጉድጓድ

ጥጥን እንደኛ የደበደበው የለም። በብረት መዳመጫ እየደፈጠጥን ፍሬውን እናስተፋዋለን፣ በደጋን እየነደፍን ባዘቶ እናደርገዋለን፣ ከዚያ በእንዝርት አንገቱን እንጠመዝዘዋለን። ጠዋት ገብተን ማታ እስክንወጣ ሥራችን ይኸው ነው። አንዳንድ የቢሮ ሰው ሊጎበኘን ይመጣና "እንዴት ያሉ ዝምተኛ እናቶች ናቸው!" ብሎ ያደንቀናል። ዝምተኛ! የኔ አፍ እንኳን ያኔ ዛሬም አላረፈ።

የፈትልና የሽመና ማኅበራችን ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ረጅም የቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሴቶቹ ብርሃን ባለበት በበሩ በኩል ተቀምጠን እንፈትላለን፤ ወንዶቹ ወደ ውስጥ ተደርድረው ይሸምናሉ። ሸማኔ ወንበር የለውም። መሬቱ ተቆፍሮ አፋፉ ላይ ይቀመጣል፣ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል፣ እታች የተንጠለጠሉትን ሁለት መርገጫዎች በእግሩ ጣቶች ይይዛል። አንዱን ሲረግጥ ድሩ ይከፈትና መወርወሪያውን በመሀሉ ያሳልፋል፤ ሌላውን ሲረግጥ ድሩ ይገለበጥና መልሶ ያሳልፋል፤ ያለፈውን ፈትል፣ ማጉን፣ በመምቻ እየመታ ያጠብቀዋል። ይህን የምነግራችሁ አዋቂ ነኝ ለማለት አይደለም፤ የኋላው ነገር ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው።

ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ተብሎ ተጽፎ ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ስቆጥር መጀመሪያ ያነበብሁት እሱን ነው። እስቲ አንበሳ ስናስር ያየ ይመስክር! የታሰሩት ልጆቻችን ናቸው።

ሊቀመንበራችን እንደኛው ሸማኔ፣ የሸማኔ ልጅ ነበር። በንጉሡ ጊዜ ገበያ ላይ "ቁጢት በጣሽ" ብለው ሲሰድቡን አብሮን አንገቱን ደፍቷል። ደርግ ሲመጣ ካኪ ለበሰና ጓድ ተባለ። እኔ አልወደውም ነበር። ለግንባር ጋቢ ሠርታችሁ አቅርቡ የተባልን ጊዜ፣ ስብሰባ ላይ ቆመና "ለሠራዊቱ የሚሠራ ማኅበር ልጁ አይነካበትም" አለን። አጨበጨብን፤ ያውም እጃችን እስኪቃጠል። እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

አፈሳው መጀመሪያ ዓባይ ማዶ ነበር፤ ከዚያ ገበያው፣ ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር። ወጣት የተባለ ሁሉ እንደ በግ እየተያዘ ወደ ወታደር መኪና ይጫናል። አጠገቤ የምትፈትል አንዲት ባልንጀራ ነበረችኝ፤ ልጇ ከመራዊ ሲመለስ መኪናውን አየና ወደ ሐይቁ ሮጠ። ውሃው ውስጥ ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለው ደንገል ውስጥ ገባ። እነሱ መግባት አላማራቸውም፤ ዳር ላይ ቆመው ደንገሉን በጥይት አጨዱት። በማግስቱ ዓሣ አስጋሪ በታንኳ ጭኖ አመጣላት። ጉንጩ ላይ አንዲት ቀዳዳ ነበረች፤ ከኋላ ግን ራሱ አልነበረም። እንዳታለቅስ ከለከሏት፤ "ለከዳተኛ አይለቀስም" አሏት። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ቁጭ አለች። እኔ ሄጄ ሊቀመንበሩ እግር ላይ ተፋሁበት። ጫማውን በሌላኛው ጫማው ጠረገና ሄደ።

የኔ ልጅ አንድ ነበር። ሌሎቹን ኩፍኝ ጨርሶብኛል። እሱ ግን አደገ፤ ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው፣ እጁ ከአባቱ እጅ ይፈጥናል፤ ሲሸምን እያፏጨ ነበርና አባቱ "ሸማው ላይ ፉጨት ይገባበታል፣ ተው" ይለዋል። ባሌ በቀን የሚናገረው ይህንኑ ያህል ነው። የባልንጀራዬን ልጅ የቀበርን ዕለት ግን ወሬ ራሱ ጀመረ።

"ጉድጓዴን አጠልቀዋለሁ" አለኝ።

"ለምን ብለህ?" አልሁት።

"ልጁ እንዲገባበት።"

የባሌ ሸማ ዕቃ ከሁሉ ወደ ውስጥ፣ ጨለምለም ያለው ጥግ ላይ ነበር። ቆፍሮ ያወጣውን አፈር በጥጥ ጆንያ እየሞላሁ፣ ከላዩ ባዘቶ እየደፋሁ አወጣሁ። ሰው ቁጢጥ ብሎ የሚይዘው ሆነ፤ ነገር ግን ልጁ ከገባ የአባቱ እግር አይገባም። ታዲያ እግር የማይረግጠው ሸማ ዕቃ ምን ይሠራል? ዝም ካለ ደግሞ ያስጠረጥራል። መላው ይህ ሆነ። አባት እግሩን አጥፎ አፋፉ ላይ ይቀመጣል፣ ጉልበቱ ላይ ጋቢ ይጥላል፣ ልጅ ከታች መርገጫዎቹን በእጁ ይስባል። አባት በጉልበቱ ሲነካው አንዱን፣ እንደገና ሲነካው ሌላውን። ተለማመዱት። ሲለማመዱ ይሳሳቱና ይሳሳቃሉ፤ እኔ በር ላይ ሆኜ "እናንተ ጉዶች፣ ይህ ጨዋታ ነው?" እያልሁ እቆጣለሁ። አፈር ስሆን፣ ያን ሳቅ ዛሬ ባገኘው ምን እሰጥ ነበር!

የመጡት ከሰዓት በኋላ ነው፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮውን ስታንጣጣው። የመኪናውን ድምፅ ስንሰማ ልጄ ከራሱ ሸማ ዕቃ ተነሥቶ አባቱ ሥር ገባ። ሌሎቹ ወጣቶች በጓሮ ዘለሉ። ከጓሮም ሌሎች ወታደሮች ይጠብቋቸው ኖሯል። ጩኸቱን፣ ሰደፉን፣ አጥንት ሲሰበር የሚሰጠውን ድምፅ ሰማሁ። አንዱ "እናቴ" አለ፤ የማን ልጅ እንደሆነ በድምፁ አልለየሁትም፤ ሴቶቹ ሁሉ ግን እንዝርታቸውን ጣሉ።

አንድ አሥር አለቃ ሦስት ወታደሮች አስከትሎ ገባ። ሊቀመንበሩን መንገድ መሪ አድርገው ከፊት አቁመውታል። አሥር አለቃው የልጄን ባዶ መቀመጫ አየ።

"ይሄ የማን ነው?"

"የልጄ ነው" አልሁት። "መራዊ ጥጥ ሊያመጣ ሄዷል።"

መቀመጫው ላይ ልጄ ሲቆረጥመው የነበረ ሽምብራ ቀርቶ ነበር። አሥር አለቃው አንድ ፍሬ አንሥቶ አፉ ጣለና አላመጠ። ወደ ውስጥ ዘለቁ።

ሊቀመንበሩ ባሌ ጋ ሲደርስ ቆመ። ወታደሮቹ ስለ ሽመና ምን ያውቃሉ? ለነሱ አንድ ሽማግሌ ይሠራል፣ አለቀ። እሱ ግን ሸማኔ ነው። ጆሮው መምቻው ሲንተባተብ ሰማ፤ ዓይኑ ከጋቢው ሥር የታጠፉትን ጉልበቶች አየ። እግሩን ያጠፈ ሸማኔ፣ ድሩ ግን ይከፈታል፣ ይዘጋል። ተረዳው። መረዳቱን እኔ ከበር ሆኜ ከትከሻው አወቅሁ። በዚያች ቅጽበት የተፋሁበትን ጫማ በምላሴ ብልስለት በወደድሁ።

"ይህ ሽማግሌ ነው፣ ጓድ አሥር አለቃ" አለ። "የግንባር ጋቢ ላይ ነው ያለው፤ ባናቋርጠው ይሻላል።"

አለፉት። በስመ አብ! አለፉት እኮ! ለዚያ ሰው እግዜር ይህችን ቃሉን ይቁጠርለት።

ግን የታዘዙት ቁጥር አልሞላላቸውም። አሥር አለቃው ተመልሶ እኔ ፊት ቆመ።

"ልጅሽን አምጪ።"

"መራዊ ነው ብዬሃለሁ።"

"አምጪ ነው የምልሽ!"

"ምን ላድርግህ፣ ሌላ ልውለድልህ?" አልሁት። ምላሴ ነዋ!

በሰደፍ አፌን አለኝ። ሁለት ጥርሴ ምላሴ ላይ ሲንከባለል ይታወቀኛል። ወደቅሁ። የባዘቶው ክምር ላይ ነው የወደቅሁት፤ ነጩ ሁሉ ባንዴ ቀላ። ከዚያ አንደኛው ቀበቶውን ፈታ፣ ሌላኛው በቡትስ ጎኔን ያዘው። የጎድን አጥንቴ ሲሄድ ሰማሁት። ባልንጀራዬ፣ ያ ልጇ የሞተባት፣ ላዬ ላይ ወደቀች፤ በፀጉሯ ጎትተው ወረወሯት። ሊቀመንበሩ "ጓዶች፣ ይበቃታል" ሲል እሱንም በጥፊ አጮሉት።

እኔ "መራዊ ነው! መራዊ ነው!" እያልሁ እጮኻለሁ። የምጮኸው ለነሱ አልነበረም። ልጄ እንዲሰማኝ ነው፤ እናትህ አለች፣ ጠንካራ ናት፣ እንዳትወጣ ለማለት። ደግሞ የምችለው ዱላ ነበር። ልጅ አምጦ የወለደ፣ ልጅ የቀበረ ሰው ቀበቶ ምን ያደርገዋል?

ባሌስ? ባሌ ይሸምናል። ሚስቱን ዓይኑ ፊት እየገደሏት መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይልካል፣ መምቻውን ይመታል። ቀና አላለም። አንዴ ዓይኔን ወደሱ ሰደድሁና "እሰይ የኔ ጀግና፣ እንዳትቆም" አልሁት በልቤ። እንባው በጢሙ ወርዶ ድሩ ላይ ሲንጠባጠብ ግን አየሁ። ቀበቶው እኔ ላይ ያርፋል፣ መምቻው ማጉ ላይ ያርፋል፤ እንዲህ እንዲህ ስንባባል ቆየን።

ከዚያ ድሩ አልተከፈተለትም።

መወርወሪያው ከተዘጋው ድር ተጋጭቶ መሬት ወደቀ። ባሌ በጉልበቱ ከጋቢው ሥር ነካ አደረገው። ምንም። እንደገና ነካው። እንደገና። ከሩቅ ጋቢው ሲርገበገብ ይታየኛል፤ በጉልበቱ ይለምነዋል። ከታች ያለው እጅ መርገጫውን ለቆታል።

ጋቢው ተነሣና የልጄ ራስ ወጣ። ፀጉሩ አፈርና ጥጥ ለብሷል።

"እማ" አለኝ፣ "ዝም በይ በቃ። ወጥቻለሁ።"

ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ ተነሣሁ። በአራት እግሬ ሄጄ ደረስሁበት። ራሱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ ጉድጓዱ መልሼ ገፋሁት። "ግባ! ግባ እንጂ! የለህም፣ መራዊ ነህ!" እለዋለሁ፣ ወታደሮቹ ዙሪያችንን ቆመው እያዩን። ሳቁ። አንዱማ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀው። ልጄ እጆቼን አንድ በአንድ ከራሱ ላይ አላቀቀ፤ ያ ጉልበቱ ዛሬም መዳፌ ላይ አለ። አሥር አለቃው ድሩን ከዳር እስከ ዳር በሳንጃ ሸረከተውና ልጄን በአንገቱ ጎትቶ አወጣው። ባሌ እግሩ ሥር ቢወድቅ እጁን በቡትስ ረገጡት፤ ሸማኔን እጁን! ሊቀመንበሩን ደግሞ "አንተ ዕውር ነህ?" እያሉ ውጭ አውጥተው ደበደቡት። አንድ ጆሮው ከዚያ ወዲህ አልሰማም። አልወደውም ነበር ብያችኋለሁ፤ ዛሬ ግን አልወደውም ለማለት አፌ እሺ አይለኝም።

ልጄ አልተመለሰም። ሞቷል ብሎ መርዶ የነገረኝ የለም፣ አየሁት ያለኝም የለም።

ጎረቤት ሊያጽናናኝ ሲመጣ "እናቱን ያዳነ ልጅ ነው፣ ምርቃትሽ ይከተለዋል" ይለኛል። ደግ ናቸው፣ ይሁን። እኔ ግን ድኜ ምን ልሆን ነው? ያን ዕለት የጎድን አጥንቴ ተሰብሯል፣ ጥርሴ ረግፏል፤ ሁሉም ተጠግኖ ወይ ተረስቶ አልፏል። ያላለፈልኝ ልጄ ራሱን ብቅ ያደረገባት ቅጽበት ናት። ዱላው ወዲያው ነው ቀጥ ያለው። ቀበቶ የያዘው ልጅ ቀበቶውን መልሶ ወገቡ ላይ ሲታጠቅ አየሁት፤ እሱም የኔን ልጅ ያህል ቢሆን ነው። እግሩን ይዤ "ምታኝ! ምነው ቆምህ፣ ምታኝ እንጂ!" አልሁት። እግሩን ከእጄ አላቅቆ ሄደ።