ሁለት ድንኳን የሚይዝ ሜዳ

አጎቴ ባዶ መሬት ሲያዩ ዝም ብለው አያልፉም ነበር። በእርምጃቸው ይለኩና «ይሄ ሁለት ድንኳን ይይዛል» ይላሉ። የእድራችን ዳኛ ስለነበሩ ድንኳን ሲሉ የለቅሶውን ነው። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ስንሄድ እንኳ በመኪናው መስኮት ሜዳውን በዓይናቸው ይለኩት ነበር።

ሰፈራችን ፈርሶ ባለ አራት ፎቅ ቤቶች ሊሠሩበት ሲታቀድ ንድፉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ሳቀርበው አጎቴ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ሁሉም አለ። ሰው ሲሞትብን የት እንቀመጣለን?»

አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁና «ጋሼ፣ ይህ የመኖሪያ ፕላን ነው፤ የለቅሶ አይደለም» አልኋቸው።

«እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ» ብለው ተቀመጡ።

ባለፈው ክረምት አረፉ። የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ተሸክመው በፎቆቹ መካከል ቢዞሩ፣ ካስማ የሚመታበት አፈር አጡ። ለቅሶ ደራሹ ዝናቡን ሽሽት የፎቁ ደረጃ ላይ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ተደርድሮ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ተያይቶ ማልቀስ እንኳ አልተቻለም።

ከማንኩሳ የመጡ አንድ ሽማግሌ ልብሳቸውን እየጨመቁ «ኧረ ይህን ሰፈር ያቀደው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

ጎረቤቶቼ ሁሉም ያውቃሉ። ሐዘኔን አክብረው ዝም አሉ።