ሁለተኛው ትርፍ አንጀት

ልጄ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ሚስቴ ለእህቷ ሠርግ አዲስ አበባ ሄዳ፣ እዚህ ጀርመን ጉትሎይትፊርቴል የሚባል ሰፈር ያለው ቤታችን ለሁለታችን ቀርቷል። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተጠቅልላ ትተኛለች። እኔ ፌኸንሃይም ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳወጣና ሳወርድ የምውል ሰው፣ እንዲህ ያለ ነገር ከሴት ልጄ ጋር ማውራት ከየት ልልመደው? ሻይ አፈላላትና ኳስ ወደማይበት ክፍል እሸሻለሁ። በመጨረሻ ራሷ የማህፀን ሐኪም ዘንድ ደውላ፣ ነገ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለቷ ነው፣ አለኝ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ አለችኝ።

ሐኪሟ ገና ከመግባታችን በትሕትና አስወጣችኝ። ልጅቷ ብቻዋን የመናገር መብት አላት አለች። እኔም እርጉዞች መሀል ተቀምጬ የሕፃን ጋሪ የሚያስተዋውቅ መጽሔት ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ። ያኔ የተናደድኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፈርቼ ነው።

ስጠራ ነገሩ ታውቋል። በግራ በኩል ያለው ኦቫሪዋ፣ እንቁላል የሚያፈራው ማለት ነው፣ ብርቱካን የሚያህል ውሃ የቋጠረ እጢ አውጥቷል። ክፉው ዓይነት አይመስልም፤ ቢሆንም በቀዶ ጥገና መውጣት አለበት። ኦቫሪውን ለማትረፍ እንሞክራለን፣ ቃል ግን መግባት አንችልም አሉን። ልጄ ጥያቄ ስትደረድር እኔ ውሃ ጠየቅሁ።

በቀዶ ጥገናው ዋዜማ ከሐበሻ ማኅበራችን ሴቶች ታላቂቱ ደውለው ልጅቷ ምን ሆነች አሉኝ። እኚህ ሴት ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ፣ የታመመ ሳይጠይቁ የማያድሩ ናቸው። እንዲያ ያለውን ቃል በእሳቸው ጆሮ ማን ይናገረዋል? ትርፍ አንጀት ነው አልኳቸውና ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ሆስፒታል ቀዶ ጥገናውን ያደረገችላት ሐኪም ኮፍያዋን እንኳ ሳታወልቅ ወጥታ፣ እጢው ወጥቷል፣ ኦቫሪውም ተርፏል አለችኝ። እዚያው እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ለሚስቴ ስደውልላት ጩኸቷ የሠርጉን ዘፈን በለጠው።

ከሰዓት በኋላ አራት ሴቶች አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው ከተፍ አሉ። ታላቂቱ ልጄን ግንባሯን ስመው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ፣ ሰው ስንት ትርፍ አንጀት ነው ያለው? አምና ስታወጣ አጥሚት ያመጣንላት እኛው አይደለንም እንዴ?»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው ግን አንድ ሌሊት ብቻ አድሮ አለቀ። ልጄ፣ በአማርኛ ስንጠይቃት በጀርመንኛ የምትመልሰው ልጄ፣ ስፌቷን በእጇ ደግፋ እየሳቀች በአማርኛ መለሰችላቸው።

«እማማ፣ ኦቫሪዬ ላይ እጢ ነበረ። ፓፓ አፍሮ ነው።»

እኔ መስኮት መስኮቱን አየሁ። ታላቂቱ ኩባያውን አስቀምጠው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። በእሷ ዕድሜ እሳቸውም እንዲሁ ይታመሙ እንደነበር፣ ዛር ነው ተብለው ጠበል ለጠበል እንደተንከራተቱ፣ እዚህ ከመጡ በኋላ አንደኛው ኦቫሪያቸው ተቆርጦ እንደወጣ ነገሯት። በቀረው ሁለት ልጆች ወልደዋል። ከባላቸው በቀር ለማንም ተናግረውት አያውቁም። ሌሎቹ ሴቶች ባለማመን ያዩአቸው ነበር።

«ያንቺንስ ተዉልሽ?» አሏት።

«ተዉልኝ።»

ታላቂቱ ብድግ ብለው እልልታቸውን ለቀቁት። ሦስቱም ተቀበሏቸው። ነርሷ የሞተ ሰው ያለ መስሏት በሩን በርግዳ ገባች። ከሁሉም ለበሩ የምቀርበው እኔ ስለነበርኩ መልሱ በእኔ ላይ ወደቀ። የልጄ ኦቫሪ ተርፎላት ነው አልኳት፣ በጀርመንኛ፣ ኮሪደሩ በሙሉ እንዲሰማ አድርጌ። ነርሷ ሳቀችና እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ወጣች።

«ፓፓ» አለች ልጄ፣ «አሁን ለእነሱም በአማርኛ ንገራቸው።»

የልጄ ኦቫሪ ተርፎላታል አልኳቸው። እልልታው እንደገና ቀለጠ።