ሳይጠወልግ የሚወጣ ጎመን፤ ለእትዬ ጽጌ

እትዬ ጽጌ ባለፈው ወር፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ መርካቶ ሰባተኛ ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል። ሕመማቸው የምግብ ቧንቧ ካንሰር ነበር። ሰው ሲያበሉ የኖሩ ሴት በመጨረሻ ውኃ እንኳ መዋጥ አቅቷቸው ሄዱ። ይህን በቃል ላሳምረው አልሞክርም፤ እሳቸውም ማሳመር አይወዱም ነበር።

በዚያች ጠባብ ምግብ ቤታቸው፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥማችሁ የበላችሁ ሁሉ ታውቋቸዋላችሁ። የቻይና ምግብ ከየት እንደተማሩ ግን የጠየቃቸው ጥቂት ሰው ነው። እኔ የጋዜጣ ወሬ ለቃሚ ስለሆንኩ ጠይቄያቸዋለሁ። በወጣትነታቸው መንገድ በሚሠሩ ቻይናውያን ካምፕ ሳህን አጣቢ ሆነው ገቡ። የካምፑ ወጥ ሠሪ አማርኛ አያውቅም፣ እሳቸውም ቻይንኛ አያውቁም። ሲሳሳቱ ሰውየው ምንም ሳይናገር መጥበሻውን ነጥቆ ይደፋና እንደገና ይጀምራል። ያስተማራቸውም የሆቴል ምግብ ሳይሆን በአገሩ ለልጆቹ የሚሠራውን ነበር፤ ቲማቲም በእንቁላል፣ ድንች በቃሪያ፣ ጎመን በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ ከአኩሪ አተር ተሠርቶ እንደ አይብ የሚረጋውን ቶፉ።

መርካቶ ሲከፍቱ ሁለት ነገር ቀየሩ። ካምፕ ውስጥ ምግቡ ላይ የሚጨመረውን ወይን ጠጅ አስቀሩ፤ ሥጋም ወደ ቤታቸው አላስገቡም። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ በአንድ ገበታ እንደማይቀርብ ያውቃሉ፤ እሳቸው የፈለጉት ግን አንድ ገበታ ነበር። በጾም ቀን እንቁላሉ ቀርቶ ቶፉው ይቀርባል። ማቀዝቀዣ አልነበራቸውም። ማለዳ አትክልት ተራ ሄደው የጎመኑን አገዳ ይሰብራሉ፣ «ቀጭ ካላለ አልወስድም» ይላሉ፤ የገዙት ሲያልቅ በራቸውን ይዘጋሉ።

ጎመኑን የሚሸጡላቸው ጅምላ ነጋዴው ጋሼ ኑረዲን ነበሩ። መጀመሪያ ሊበሉ የመጡ ቀን ሳህኑን ወደፊት ገፉት።

«እትዬ፣ ይሄ ጎመን እሳት አይቷል እንዴ?»

«አይቷል ጋሼ። ጎመን መሆኑን ግን ገና አልረሳም።»

ጋሼ ኑረዲን ስቀው በሉ። ከዚያ በኋላ የግድግዳው ጥግ የእሳቸው መቀመጫ ሆነ።

ሕመሙ ሲበረታ እትዬ ጽጌ አንድ ነገር ብቻ ያስጨንቃቸው ነበር፤ ልጃቸው ሕይወት ቤቱን ትችለው ይሆን? ሕይወት ጎበዝ ወጥ ሠሪ ናት። ችግሩም እሱ ነበር። እጇ ሽንኩርት ማቁላላት ለምዷል፤ የገባው ሁሉ ካልበሰለላት አታምንም። እናቷ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ጎመኑን ያኝካሉ፣ መዋጥ ስለማይችሉ በመሀረብ ይተፉታል፣ ከዚያ «ቆየሽ» ይላሉ። በማግስቱም «ቆየሽ»። አንድ ቀን ሕይወት ደክሟት ጭልፋውን አስቀመጠችና «ጥብስ ቤት እናድርገው፣ እሱን እችላለሁ» አለቻቸው። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር።

እትዬ ጽጌ አልተቆጡም። «ታዲያ ጋሼ ኑረዲንን የት ታስቀምጪያቸዋለሽ?» አሉ።

ሕይወት ጭልፋውን መልሳ አነሳች።

መነሳት ሲያቅታቸው ከማብሰያው ጀርባ ባለችው ክፍል ተኙ። በእሳቸውና በምድጃው መካከል የጣውላ ግድግዳ ብቻ ነበር። ከአልጋቸው ሆነው መጥበሻውን ያዳምጡ ጀመር። ጎመኑ ዘይቱ ላይ ሲወድቅ መጥበሻው ይጮኻል፤ ጩኸቱ መብረድ ሲጀምር በጣታቸው ግድግዳውን ያንኳኳሉ፤ ሕይወት ታወጣለች። ድምፃቸው ከጠፋ በኋላም ማንኳኳቱ አልጠፋም። በእነዚያ ሳምንታት የበላነው ጎመን የእሳቸው ጎመን ነበር።

በዚያ ማክሰኞ ሕይወት ጎመኑን ጨምራ ማንኳኳቱን ጠበቀች። ጩኸቱ በረደ። ቅጠሉ ጠወለገ፣ ጠቆረ፣ አረረ፤ እሷ ግን ጭልፋውን ይዛ ቆማ ነበር። ጭሱ ቤቱን ሲሞላ ከወንበሩ ተነስተው ምድጃውን ያጠፉት ጋሼ ኑረዲን ናቸው። ግድግዳውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ «ግቢ ልጄ» አሏት። የእትዬ ጽጌን መሞት ያወቅነው እንዲህ ነው።

እትዬ ጽጌ፣ ለቅሶው አልቆ ቤትዎ ዛሬ ተከፍቷል። ሥጋ አልገባበትም። ጎመኑን ማለዳ ጋሼ ኑረዲን ራሳቸው ተሸክመው አመጡ፤ ሕይወትም አገዳውን ሰብራ አዳመጠች። መጥበሻው ሲጮኽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሁላችንም ጩኸቱን አዳመጥን። ከዚያ ብቻዋን አወጣችው። ጋሼ ኑረዲን በቦታቸው ተቀምጠው ቀመሱና «ትንሽ ቆይቷል» አሉ፤ ሳህኑን ግን ጠርገው በሉት። እውነታቸውን ነው፣ ቆይቷል። እርስዎም ይህንኑ ይሏት ነበር። ነገም ትሠራለች፣ እኛም እንመጣለን። ከእንግዲህ ማዳመጡን ለእኛ ይተዉልንና ይረፉ።