ኅዳግ ላይ የጻፍኩት «ይጣራ»

በንጉሡ ዘመን ነገሌ ቦረና ውስጥ የመንግሥት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ሳለሁ፣ ከቢሮ ቃላት ሁሉ የምወዳት «ይጣራ» የምትለዋን ነበር። አለቃዬ ያላመነበትንም፣ ለማመን የፈራውንም ማመልከቻ ኅዳጉ ላይ «ይጣራ» ብሎ ይመራልኛል፤ እኔም መደርደሪያ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ማን እንደሚያጣራው የጠየቀ ሰው አላስታውስም።

ይህችን ቃል ቤቴም ይዣት ገባሁ። ከሞያሌ የሚመጡ የጭነት መኪና ሾፌሮች ሽፋናቸው የተገነጠለ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ያመጡልኝ ነበር። ከሁሉ የምወደው ዓለምን በስውር የሚያሾሩ ሰዎች አሉ የሚሉትን ነው። እንደ የዋህ አልቀበላቸውም፣ እንደ አዋቂ ነኝ ባይም አልስቅባቸውም። የማይመስለውን በእርሳስ እሰርዛለሁ፤ ሊሆን ይችላል ካልኩት አጠገብ «ይጣራ» እጽፋለሁ። በዚህ ሚዛናዊነቴ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኮራ ነበር።

ከነዚህ ደራሲዎች አንዱ የከብት ክትባት ተንኮል ነው ይላል፤ የድሃ አገር ላሞችን አምክኖ የቆርቆሮ ወተት ለመሸጥ። በእርሳስ ሰረዝኩት። በማግስቱ ሱቅ ብገባ ግን ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው የቆርቆሮ ወተት ተደርድሯል። ቤቴ ተመልሼ ኅዳጉ ላይ «ይጣራ» ጻፍኩ።

በዚያው ሰሞን የከብት ሐኪሞች ሊከትቡ መጥተው ከተማው ዳር ድንኳን ተከሉ። ወተት የምንገዛቸው የቦረና ሽማግሌ ቢሮዬ ድረስ መጡ። የቦረና ሰላምታ ከሰው አልፎ ከብቱንም ይጠይቃልና «አካም አባ? ሎን ናጋ?» አልኳቸው፤ ከብቱ ሰላም ነው ወይ ማለቴ ነው።

«ናጋ» አሉ። «አንተ መጽሐፍ ታነባለህ። ይሄ መርፌ ጥሩ ነው? መጥፎ ነው? ከብቶቼን ላምጣ?»

አላውቅም ማለት እችል ነበር። እኔ ግን መጽሐፉ ያለውን፣ የቆርቆሮውን ወተት ጭምር ዘርዝሬ ነገርኳቸውና፣ «እስኪጣራ ቢቆዩ ይሻላል» አልኳቸው።

«እሺ፤ እንቆያለን» ብለው ሄዱ።

ድንኳኑ ከቢሮዬ በእግር ሩብ ሰዓት አይፈጅም ነበር። አልሄድኩም። ሐኪሞቹም ሥራቸውን ጨርሰው ወደ ሞያሌ አቀኑ።

ከጥቂት ወራት በኋላ «ደስታ» የሚባለው የከብት ወረርሽኝ ገባ። ከብቶቻቸውን ያስከተቡት ጎረቤቶች ወተት ሲያመጡ የሽማግሌው ሚስት የወተት ጮጯቸውን ይዘው መምጣት አቆሙ። ስለ ቆርቆሮው ወተት ባለሱቁን የጠየቅሁት ያኔ ነው። «የመንገድ ሥራ ካምፕ አዝዞት ሳይወስደው የቀረ ነው» አለኝ። አንድ ጥያቄ በቃኝ። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቱ ነው።

እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ዛሬም አነባለሁ። አንዳንዴም እውነት ይገኝባቸዋል። ዛሬ ግን «ይጣራ» ስጽፍ ማንን፣ መቼ እንደምጠይቅ ከሥሩ እጽፋለሁ።

ያኔ ወረርሽኙ እንዳለፈ፣ አንድ ጠዋት ሽማግሌው ቢሮዬ ገቡ። አፌ ልማዱ ሆኖ ቀደመኝና «ሎን ናጋ?» አልኩ። ቦረና የመጣ ቢመጣ መጀመሪያ የሚመልሰው «ናጋ» ነውና እሳቸውም «ናጋ» አሉ። ከዚያ ቀጠሉ፤ «አለቁ። ሁለት ጊደር ብቻ ቀረ።»

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ስጠብቅ፣ በትራቸውን ተደግፈው፣ ነገሩን ከልቡ ማወቅ እንደሚፈልግ ሰው ዝግ ብለው ጠየቁኝ።

«ያ ነገር ተጣራ?»